መጽሐፉን ለአባቷ የሰጠው ኮምፒውተር

የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚሠራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለመጽሐፉ ከደራሲው በላይ የሚቆረቆር ፍጥረት ነው። ጅማ ውስጥ እኔ መጽሐፍ በምደረድርበት ኮሌጅ ያሉት እትዬ ዘነበች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው።

አዲስ ሲስተም ሊያስገባ የመጣው ቶሌራ ደበላ ደራሲውን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ወግ በአባቱ ስም መዘገበ። ተማሪዎች የመምህርት ሐዊን የመጀመሪያ መጽሐፍ በስሟ ቢፈልጉት ኮምፒውተሩ «የለም» አለ። ሴትዮዋ ለዓመታት የለፋችበት እኮ ነው!

እትዬ ዘነበች አልተከራከሩም። «አቶ ደበላ፣ ሻይ ይምጣልህ? አቶ ደበላ፣ ወንበሩ ተመቸህ?» እያሉ ልጁን ሲያንገበግቡት አረፈዱ።

«ኧረ በፈጠረዎት እትዬ! ደበላ አባቴ ነው፤ አጋሮ ቡናውን እየለቀመ ነው!»

«የሐዊም አባት ቡናውን እየለቀመ ነው። መጽሐፉን መቼ ጻፈው?»

ቶሌራ አንገቱን ደፍቶ ሲስተሙን አስተካከለ። «ሐዊ» ብዬ ብጽፍ መጽሐፏ ከች አለ።