ጋራዥ ሲደርስ የሚድን ካምቢዮ

እናንተዬ፣ እውነት እየተናገራችሁ ውሸታም ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተባልኩ። ያስባለኝ ደግሞ ጠላት አይደለም፣ የገዛ ቫኔ ናት። እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ላሊበላ የማመላልስባት፣ ልጆቼን ያሳደግኩባት ቫን!

አውቶማቲክ ናት። ስገዛት ጓደኞቼ ቀንተውብኝ ነበር። ፍሪሲዮን መርገጥ የለ፣ ማርሽ መቀየር የለ፣ አንተ መሪ ይዘህ ቁጭ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች። ችግሩ ሲያሰኛት እምቢ ማለቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳ ጭኜ ዳገቱን ሽቅብ እወጣለሁ። ደህና ስትሄድ የነበረችው መኪና መሀል መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይዛ ችክ! ያንን ዳገት በሦስተኛ! ነዳጅ ብሰጣት ታጓራለች እንጂ ወደ ታችኛው ማርሽ አትወርድም። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ ወይ ፍንክች። ዳገት ላይ ሞተር ማጥፋትማ አልደፍርም፣ ባትነሳስ? እንግዳ ይወርዳል፣ እኔ ባዶዋን እያንፏቀቅኩ እወጣለሁ።

አንድ ቀን የወረዱት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ፎቶ እያነሳ ደስ ብሎት ወጣ። ሚስትየው ግን እንግዳ ለማመጣለት ሆቴል ባለቤት ለወይዘሮ አልማዝ ነገረቻት። ወይዘሮ አልማዝ ጠራችኝና፣ «ጋሽ አያሌው፣ እርስዎን አከብራለሁ። እንግዶቼ ደግመው በእግራቸው ከገቡ ግን ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለችኝ። እንግዳ እንደ ልብ በማይመጣበት በዚህ ዘመን ያ ሆቴል ከቀረብኝ ምን ይዤ ልገባ ነው ቤቴ?

ሲሳይ ጋ ሄድኩ። ሲሳይ መካኒካችን ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ መሆኑንም ራሱ ይነግራችኋል። መኪናዋ ችክ እንዳለች፣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ፣ በቀጥታ ወሰድኩለት። ነድቶ ዞሮ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺን የመሰለች መኪና ለምን ስሟን ያጠፋሉ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ወሰድኳት፣ የካምቢዮ ዘይት ቀየረላት። ደግሞ ወሰድኳት፣ አሳድሮ በማግስቱ በቴስተር ለካት፣ ደህና ናት አለ። እኔ ደግሞ መመላለሴን አልተውኩም። በመጨረሻ መኪናዋን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ በደንብ ይተኛሉ?»

እስቲ አሁን ይኼ ይባላል? እርር ብዬ ወጣሁ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባ የሰው ዓይን ነው አሉና ጠበል ረጩልኝ። ሰነበተች፣ ደህና ሆነች፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ እሑድ እንግዳ ጭኜ ስመጣ ችክ! አባን ጠበሉ አልያዘም ብላቸው፣ ያልያዘው ያንተ እምነት ነው አሉኝ። ወይ ጉድ! ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ።

ሲሳይን ለመንኩት። በሞቴ አብረኸኝ ውጣ፣ ስትታመም በዓይንህ እያት አልኩት። እያጉረመረመ ገባ። ወርደን ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ችክ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በመኪና ብልሽት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሲሳይም ደነገጠ፣ ቶሎ ጋራዥ አድርሰኝ አለ።

ጋራዡ ጋ ሳይደረስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንደ ልማዴ ጥግ ያዝኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ወረድኩ። ተሳለምኩ። ደጁ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋር ሰላምታ ተለዋወጥኩ። የኛን አገር ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡና ከብቱ ሳይጠየቁ አያልቅም። ተመልሼ ሳስነሳት መኪናዋ ደህና! ሲሳይ ራሱን ይዞ ቀረ።

«ጋሼ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ታዲያ ሞተር እያስጓራሁ ልሳለም? አባቴ እንኳን ከበቅሎው ሳይወርድ ቤተ ክርስቲያን አልፎ አያውቅም።»

ያኔ ነው ያስረዳኝ። ካምቢዮው ውስጥ ሶሌኖይድ የሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ እየተከፈቱና እየተዘጉ ዘይቱን የሚመሩ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ማርሹን የሚያስቀይሩት እነሱ ናቸው። አንዱ ሲግል ውስጡ ያለው ሽቦ ይቋረጣል። መኪናዋ ይኼን ስታይ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ብላ ሦስተኛ ላይ ትቆማለች። ሞተር ጠፍቶ ቀዝቀዝ ሲል ሽቦው ይገናኛል፣ እሷም ትረሳዋለች። «እርስዎ ደጁ ላይ ፈውሰው ያመጧትና እኔን ፈውሳት ይሉኛል!» አለኝ። አንተስ አሳድረህ፣ አቀዝቅዘህ አይደል እንዴ የምትለካት? አልኩት።

መፍትሔው አንድ ነበር። እንደ ጋለች፣ ሳላጠፋት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማለፍ። ማለፍ! ስንት ዓመት የወረድኩበትን ደጅ! በማግስቱ ዳገቱ ላይ ችክ ስትል እያስጓራኋት መጣሁ። ሽማግሌዎቹ አዩኝ። አንደኛው ለሰላምታ ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። አንገቴን መሪው ሥር ቀብሬ አለፍኩ። እፍረት ገደለኝ።

ሲሳይ እንደ ጋለች ለካት። «ተገኘች!» ብሎ ጮኸ። አንዷ ሶሌኖይድ ሞታለች። ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ተቀየረ፣ ቫኔ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ወይዘሮ አልማዝም ሥራዬን አልነካችም። ተመስገን።

ወሬው ግን አባ ጋ ቀድሞኝ ደርሷል። አያሌው ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አለፈ ተብሏል። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉና፣ «በል፣ ለካምቢዮ ብለህ ያስቀረኸውን በስግደት ትመልሳለህ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ሰገድኩ። ሰውነቴ ሞቅ ሲል ታዲያ ቀኝ ጉልበቴ ችክ! አይታጠፍ፣ አይዘረጋ። ግድግዳ ይዤ፣ እያነከስኩ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ተራ ጠብቅ ተባልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ስሜ ተጠራ። ሐኪሟ ጉልበቴን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ተነስተው ይራመዱ አለችኝ። ተራመድኩ። ምንም የለው!

አሁን እኮ ነው ችክ ያለው፣ ሲግል ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይተወዋል፣ አብረሽኝ ብትሰግጂ ታዪው ነበር ብዬ አስረዳኋት። ብዕሯን አስቀመጠችና ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ እንቅልፍ በደንብ ይተኛሉ?»