የጋሽ መኩሪያ ፒካፕ ከሥሯ ስትታይ

እኛ አዲስ አበቤዎች መኪና የምናየው ከወገቡ በላይ ነው። መኪና ልግዛ ብሎ የሄደ ሰው ልብ ብላችሁ እዩ፤ መጀመሪያ አንዴ ይዞራታል፤ ቀጥሎ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል (ጎማው ምን ብሎ እንዲመልስለት እንደሚጠብቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም)፤ በሩን ከፍቶ ይዘጋና ድምፁን ያዳምጣል፤ ኮፈኑ ሲከፈትለት ስለ ሞተር ቢያውቅም ባያውቅም ጎንበስ ብሎ "እህም" ይላል። አበቃ። ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው ተኝቶ ከሥር የሚያይ የለም። እንዴት ይተኛ? ሱፍ ለብሷል።

ሌላው መኪና ይሁን። ፒካፕ ግን የሠራችው ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው ከሥሯ ነው። የክረምቱ ጭቃ፣ የኮረኮንቹ ጠጠር፣ ከካሶኒው እየተንጠባጠበ የወረደው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ብረቷን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ከላይ ቀለሙ እያብለጨለጨ፣ ከታች ላሜራው እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ይህን የምላችሁ የመኪና ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ ታክሲ ተሰልፌ የምሄድ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ዝገት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በአንድ እሁድ ጠዋት፣ በቀኝ እግሬ ነው።

ጋሽ መኩሪያ እዚህ ቀራንዮ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ብረታ ብረት ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። አንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ አለቻቸው፤ በየማለዳው ያጥቧታል፣ ይወለውሏታል፣ አንዳንዴም ያወሯታል። የዕድሩን ድንኳን የምትጭነው እሷ፣ ምጥ የያዛትን ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ጋሽ መኩሪያም አንድ ቀን እምቢ ብለው አያውቁም። ወደ እሳቸው ከመምጣቷ በፊት ከአፋር ጨው ስታመላልስ እንደኖረች ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። አይነሳም።

የሌላው ጎረቤታችን የአቶ ታደሰ ልጅ ዳዊት፣ አስኮ ያለች ሂሩት የምትባል ልጅ ወደደ። ለሽምግልና እኔ፣ ጋሽ መኩሪያና የሰፈራችን ቄስ መምሬ ወልዴ ተመረጥን። አቶ ታደሰ ከመሄዳችን በፊት እኔንና ጋሽ መኩሪያን ለብቻችን ጠሩን። ዳዊት ዩኒቨርሲቲውን ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ወጥቶ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኗል፤ ለልጅቷ ቤተሰቦች ግን ይህ ባይነገር አባቱ ይመርጣሉ።

"ስለ ትምህርቱ ከጠየቋችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል በሉ" አሉን። "መግባቱ ውሸት አይደለም።"

"እንዴት እንደወጣ ቢጠይቁንስ?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ፣ መምህር! ምን ያስጠይቃቸዋል?"

የልጅቷ አባት አስኮ ውስጥ ጋራዥ እንዳላቸው ሰምተናልና ጋሽ መኩሪያ በዚያ እሁድ ፒካፗን ሁለት ጊዜ አጠቧት። አዲስ ወፍራም ምንጣፍም ወለሏ ላይ አነጠፉ። መምሬ በክብር ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ሁሉ ኩሬ ነበር። ወደ አስኮ ስንቃረብ አንዱ ኩሬ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ ፒካፗ ዘላ ስታርፍ እኔም ነጂ ባልሆንም እንደ ማንኛውም ፈሪ ተሳፋሪ ባለ በሌለ ኃይሌ ወለሉን ረግጬ ፍሬን ያዝኩ።

ወለሉ አልያዘም።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ያቁሙ!"

"ምን ሆንክ?"

"እግሬ ውጭ ነው!"

"በሩን ማን ከፈተው?"

"በሩ ዝግ ነው!"

ሲያቆሙ እግሬን አወጣሁ። ቁርጭምጭሚቴ ተልጧል፤ ጫማዬ የለም። ዞር ብለን ብናይ አንድ ሚኒባስ ሄደበት፣ ከዚያም ጎርፉ እየገፋ ወደ ቱቦ ይዞት ገባ። እንመለስ ብል መምሬ "ቀጠሮ የያዘ ሽማግሌ ከመንገድ ሲመለስ መልካም አይደለም" አሉ። ጋሽ መኩሪያ ቀዳዳውን በጣውላ ከደኑና በጆሮዬ "አደራህን፣ ስለ መኪናዋ ትንፍሽ እንዳትል። ባለጋራዥ ቤት ነው የምንገባው" አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አሳዘኑኝ፤ እሺ አልኳቸው።

የሂሩት አባት አቶ ሽፈራው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ እጃቸው በብየዳ ፍንጣሪ የተጠባበሰ። ለካ ጋራዥ ያላቸው ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው! ቤተ ዘመዱ ተሰብስቧል። "ተቀመጡ" ቢሉን በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን በሩ አጠገብ ቆምን። የአቶ ሽፈራው ዓይን ከራሴ ጀምሮ ወረደና ካልሲዬ ላይ ቆመ።

"እግርዎ ምን ሆነ?"

አፌን ሳልከፍት ጋሽ መኩሪያ ቀደሙኝ። "ሪህ አለበት! ጫማ አያስገባውም።"

መምሬ ወልዴ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"ውይ፣ በሞትኩት!" አሉ የሂሩት እናት። "ለሪህማ ሙቅ ውሃ በጨው ነው!" ጨው ሲባል ጋሽ መኩሪያ ደንገጥ ሲሉ አየሁ። ወዲያው ሳፋ መጣ፤ ካልሲዬ ወለቀ። መቀመጥ ክልክል፣ እምቢ ማለት ነውር። እናም ውድ አንባቢዎቼ፣ አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በሳፋ አድርጌ፣ ቆሜ የሰው ልጅ ለጋብቻ ጠየቅሁ።

ጨው የተላጠ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። ጋሽ መኩሪያ የዳዊትን ጨዋነት ሲዘረዝሩ እኔ ጥርሴን ነክሼ አናቴን እነቀንቃለሁ፤ ቤተ ዘመዱ በአድናቆት መሰለው።

"ትምህርቱስ?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"ዩኒቨርሲቲ ገብቷል!" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"መቼ ወጣ?"

ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ወደ እኔ ወረወሩ። አቶ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎስ፣ መምህር፣ ምን ይላሉ? ጥሩ ጥሩውን ሰማሁ። ቀሪውን ራሴ ፈልጌ ከማገኘው እናንተ ብትነግሩኝ አይሻልም?"

ያናገረኝ ህሊናዬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። ጨው ነው።

"ሪህ የለብኝም!" ብዬ ጮህኩ። እግሬን ከሳፋው አወጣሁና አንድም ሳላስቀር ለፈለፍኩት፦ ዳዊት ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን እንደጣለ፣ ፍሪጅ እንደሚጠግን፣ አንዴ የጠገነው ፍሪጅ ዳግም ለጥገና እንደማይመለስ፣ ስልክ ሲደወልለት ገና ካልሲውን እየፈለገ "ደርሻለሁ" እንደሚል፣ ጫማዬም በፒካፗ ወለል ሾልኮ ቱቦ እንደገባ። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ሂሩት ነበረች።

አቶ ሽፈራው ግን አልሳቁም። "ዲግሪ እንደሌለው ልጄ ገና ድሮ ነግራኛለች" አሉ። "የጫማውን ግን አልሰማሁም።" ተነሱ። የእሁድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ካርቶንና ካቻቪቴ ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ተከተልናቸው። ካርቶኑን አንጥፈው ፒካፗ ሥር ገቡ፤ እግራቸው ብቻ ቀረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርጉ ይሰማል፤ ከዚያ አንዱ ጠቅታ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ ካቻቪቴው በሻንሲው አልፎ ነበር። ሲወጡ ጸጉራቸው ላይ ቀይ ዝገት ተነስንሷል።

"ጋሽ መኩሪያ፣ በዚች መኪና ሰው ይጭናሉ?"

"ነፍሰ ጡር ሳይቀር" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ከሥሯ አይቻት አላውቅም። ጨው ስትጭን መኖሯን ረስቼ እንዳይመስልህ፣ ልጄ። ፈርቼ ነው።"

አቶ ሽፈራው የፒካፗን ቁልፍ ከጋሽ መኩሪያ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ኪሳቸው ከተቱ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "ፒካፗን ግን አልሰጥም።"

እኔ በአቶ ሽፈራው ነጠላ ጫማ፣ ሁላችንም በታክሲ ተመለስን። ጋሽ መኩሪያ ያን ክረምት በየቀኑ አስኮ እየተመላለሱ፣ ጎን ለጎን ካርቶን ላይ ተኝተው የበሰበሰው ብረት ሲቆረጥና አዲሱ ሲበየድ አዩ። በሳምንቱም "ይቺን ቦታ ረስተሃታል" እያሉ ማዘዝ ጀመሩ። ሠርጉ በጥር ተደረገ። ዳዊት በሰዓቱ ደረሰ፤ ሂሩት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት አስቀድማ ስለነገረችው ነው።

እኔስ? አቶ ታደሰ እስከ ሠርጉ ድረስ ሰላምታ ነፈጉኝ። "መምህር ገመና ያወጣል" ተብሎ በቀራንዮ ተወራና ለሽምግልና የሚጠራኝ ጠፋ። በቅርቡ ግን አንድ የሰፈር ጎረምሳ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ሲለኝ ደስ አለኝ።

"እርስዎን የመረጥኩት..." አለና አንገቱን ደፋ። "ቤተሰቦቼ የመረጡልኝን ልጅ አልፈልጋትም። ለእነሱ እምቢ ማለት አቃተኝ። እርስዎ ሄደው ጉዴን ሁሉ ቢነግሩልኝ የልጅቷ ወገኖች እምቢ ይሉኛል።"

ጉዱን ራሱ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ስንፍናውን፣ ጫቱን፣ ከሁለት መሥሪያ ቤት የተባረረበትን። ሄጄ ሳልቀንስ ሳልጨምር ተናገርኩ። የልጅቷ አባት ተነስተው አቀፉኝ።

"ይህን ሁሉ ሳይደብቅ እውነተኛ ሽማግሌ የላከ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ቢሆን ነው!" ብለው እዚያው ፈቀዱ።

ልጁ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።