ሳልታመም የጠየቁኝ እትዬ በሰለች

ቀበሌ የሌለው ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ ዋና የበሽተኛ ጠያቂ የሌለው ሰፈር ግን በዚህ አገር አይገኝም። የእኛ ደብረ ብርሃን ሰፈር ይህን ማዕረግ ለአንኮበሯ ተወላጅ፣ ለክብርት እትዬ በሰለች ሰጥቷል። ሰው ገና ሲያስነጥሰው እሳቸው አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ደጁ ላይ ናቸው። «እግዜር ይማርህ!» ሲሉ ድምፃቸው ጤነኛውንም ያስተኛል።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን አቶ ባፈና ብርዱ አስንፏቸው እስከ ረፋድ ቢተኙ፣ እትዬ በሰለች ግማሹን ሰፈር አስከትለው ገቡ። ሰውየው ይህን ሁሉ ጠያቂ ባዶ መመለስ ነውር መሰላቸውና እስከ ምሳ ድረስ ታመሙ።

ወደ እኔ ልምጣ። ማርያማዊት እባላለሁ፣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ለወላጆች ስብሰባ የመጡ አባት «ሚሚ፣ መምህርቷ የት ሄደች?» ብለው እኔኑ ጠይቀውኛል። የተወለድኩት ከተርነር ሲንድረም ጋር ነው፤ ከሁለቱ የኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ጎድሎብኛል ማለት ነው። የጎደለው ቁመቴን ብቻ ቢነካ በታኮ እንጨርሰው ነበር። ነገር ግን ልቤ፣ ታይሮይዴ፣ ጆሮዬ፣ ስኳሬና አጥንቴ ባያመኝም በየጊዜው መታየት አለባቸው፤ መኪና ለቦሎ እንደሚመረመረው። መኪና ግን እንደኔ ሰበብ አያበዛም። የልብ አልትራሳውንዱን አንዴ በፈተና እርማት፣ አንዴ በፍልሰታ ጾም፣ አንዴ በዝናብ እያሳበብኩ አራዘምኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የሚገኘውን ፈርቼ ነው።

አዲሱን የረቡዕ ቀጠሮዬን ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሰሙት እትዬ በሰለች ከነፔርሙሳቸው መጡ።

«ማርዬ፣ እግዜር ይማርሽ!»

«ደህና ነኝ እኮ እትዬ። ለምርመራ ብቻ ነው።»

«ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

አስረዳኋቸው። ሒሳብ ሳስተምር እንኳ እንዲህ በጽሞና የሰማኝ የለም።

«እንግዲያው ተመርምረሽ ስትመለሽ እንጠይቅሻለን። ሐሙስ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ለእነማን?»

«ለማኅበሩ ነዋ!»

አለቀልኝ። ሳልመረመር የማርያም ማኅበርተኞችን ዳቦና ብርቱካን ብቀበል በየት በኩል ቀና ብዬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ? ለጤናዬ ያላደረግኩትን ለይሉኝታ አደረግኩት፤ ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። እትዬ በሰለችም ተከተሉኝ።

ሐኪሟ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ይዛ ቆየች። «ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ትንሽ ሰፋ ብሏል» አለች። «በጊዜ መጣሽ። ዛሬ መድኃኒት እንጀምራለን፣ ግፊትሽን እንከታተላለን፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እናየዋለን። ብትቆዪ ኖሮ ሊያሰጋ ይችል ነበር።»

የመድኃኒቱን ማዘዣ ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ለእትዬ በሰለች የተባልኩትን ነገርኳቸው። ያ የታወቀ «እግዜር ይማርሽ!» እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አግዳሚው ወንበር ላይ ዝርፍጥ አሉ። ያን ሁሉ በሽተኛ ሲያጽናኑ የኖሩት ሴትዮ፣ በእኔ ጊዜ ቃል አጠራቸው። ለካ ይወዱኛል። እኔም እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ አወቅኩ።

አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«አይዞዎት እትዬ፣ በጊዜ ተደርሶበታል» አልኳቸው። እሳቸውን ለማጽናናት ስናገረው እኔም አመንኩት።