ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

መርዶ ሳይሰማ ለቅሶ የሚደርስ ሰፈር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? ፍኖተ ሰላም ኑ፣ የእኛን አሳያችኋለሁ።

አክስቴ ፕሮፌሰር ናት። ቡሬ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር ኖራ፣ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ያጠናችው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ግጥም ይጽፉ ስለነበሩ የጣሊያን ሴቶች ነው። ዘመዶቻችን «እዚያ ደግሞ ምን ዘመድ አላት?» እንዳሉ ነው የኖሩት። አያቴማ ይህንኑ እንደጠየቁ አረፉ።

ክረምቱ ሲወጣ እኛ ቤት መጣች። የመጣችው ለእኔ ነው። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ነው ያገባሁት። የማታ ትምህርት ልመዝገብ ብል፣ አማቴ እማማ ጠጄ «ልጁን ማን ሊይዝ?» አሉ። እሳቸው ካልያዙልኝ ማንም የለኝ። አክስቴም ለመነቻቸው። «እስቲ ልጁ ጠና ይበል» ብለው ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። አክስቴም ስታጠናት ዕድሜዋን ስለፈጀችባት ስለ አንዲት ጣሊያናዊት ገጣሚ አጫወተችኝ። በልጅነቷ የጻፈችው ግጥም አገሩን አስደንቆ ነበር። አገባች፤ ወለደች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር የለም።

«ስፈልግ ኖርኩ። ዳግመኛ ሳትጽፍ ሞተች» ስትል እንባዋ መጣ።

ወንፊት ልትዋስ በር ላይ የቆመች ጎረቤታችን የሰማችው መጨረሻውን ብቻ ነው። ወንፊቱንም ሳትጠይቅ ተመለሰች። ብዙም አልቆየ፣ ሰፈሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ «እኔን! እኔን!» እያለ ገባ። እማማ ጠጄም ከፊት ናቸው።

አክስቴ ምን ታድርግ? የመጣ ለቅሶኛ አይመለስ ነገር። ሟቿ ማን እንደሆነች ነገረቻቸው።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«አምስት መቶ ዓመት ይሆናታል።»

እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

«አልቃሽስ ነበራት?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እንጃ።»

«እንግዲህ እኛ መጥተናል» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የምር አለቀሱላት።

እማማ ጠጄን ግን አንድ ነገር አልለቀቃቸውም። «መጻፉን ስለምን ተወችው?»

«ልጅ ወለደች። የሚይዝላት ያጣች ይመስለኛል።»

«አማት አልነበራትም?»

«ነበረቻት።»

«ምን ያለች አውሬ ናት!» አሉ ደረታቸውን ይዘው።

ሴቶቹ ሁሉ ልጄን ወደማጠባበት ጥግ ዞሩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ይኸው አሁን የማታ ተማሪ ነኝ። ልጁን የሚይዙት እማማ ጠጄ ናቸው። ሰው ደግነታቸውን ሲያመሰግን ይቆጣሉ።

«የምን ደግነት? ዛሬ ባልይዝላት፣ የኋላ ኋላ አንዷ ፕሮፌሰር ተነስታ፣ ሰፈር ሰብስባ ስሜን ታነሳለች።»