የመጨረሻዋ ክፍል እትዬ ዘምዘም ጋ ናት

በዚህ አገር ምን ማየት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ሰው የሌለበት ከተማ አይገኝም። ውሃ ላይኖር ይችላል፤ መብራትም እንደዚያው። ይህ ሰው ግን አለ። ሠርግ ላይ አጠገባችሁ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያችን ተከታታይ ጀመራችሁ ወይ?» ይላችኋል። አልጀመርንም ካላችሁ ያዝንላችኋል። ጀምረን ተውነው ካላችሁ ደግሞ ሟቹን ትቶ ለእናንተ ያለቅሳል።

በእኛዋ ከተማ በገንዳ ውሃ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዘምዘም ናቸው። ማን እንደ ሾማቸው አይታወቅም። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ሸራ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ማጭድ፣ ባትሪና የስልክ ቻርጀር ይሸጣሉ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ከአቧራ የሚከልላት ጨርቅ ለብሳ የምትቀመጥ አሮጌ ላፕቶፕ አለች። ኔትወርክ እኛ ዘንድ መጣ ሲባል የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ እንደ ሌላው ዓለም ቤታችን ተቀምጠን ከኢንተርኔት ፊልም መርጠን ማየት አልታደልንም። የአውቶቡስ ሹፌሩ ጀይሉ ከጎንደር በሃርድ ዲስክ ያመጣል፣ እትዬ ዘምዘም አይተው ይመዝናሉ፣ ከዚያ ለሚገባው ሰው ይታዘዛል። «ይታዘዛል» ያልኩት አውቄ ነው። እሳቸው ፊልም የሚሰጡት ሐኪም መድኃኒት እንደሚሰጠው ነው፤ በሽተኛው አይመርጥም።

እኔ የታዘዘልኝ አማርኛ ላስተምር ተመድቤ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ባልዲ ልገዛ ገብቼ፣ ዋጋውን እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ ሳሰላስል ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«መምህርት ነሽ?»

«አዎ።»

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም።»

«አይ ልጄ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሳሽው። ስልክሽን አምጪ። የአለምሰገድን ልጫንልሽ።»

አለምሰገድ ተዋናይ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘምዘም ግን ፊልምን በርዕሱ ጠርተው አያውቁም፤ የሚጠሩት መጀመሪያ ባስለቀሰው ሰው ስም ነው። አለምሰገድ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ክንዱ የኔን ወገብ ያህላል። አሥራ ዘጠነኛውን ክፍል ያየ ዕለት ትራክተሩን መንገድ መሀል አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አለቀሰ ይባላል። እሱ «አቧራ ነው» ይላል። ላፕቶፑ ውስጥ ግን ተከታታይዋ በስሙ ተመዝግባለች፤ ይግባኝ የለውም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት ግጥም አጥንቻለሁ። ስለዚህ አራት ክፍል እንዳየሁ ድፍረቴን ሰብስቤ ወደ ሱቁ ተመለስኩና፣ ታሪኩ ልል እንደሆነ፣ እናትየዋም ያለ ምክንያት በየበሩ እየቆመች ጆሮ እንደምትጥል ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እስከ ስድስተኛው ታገሺ» አሉኝ።

ይህ የዘወትር ቃላቸው ነው። አዲስ ላገባች ይሉታል። መሥሪያ ቤት ለቀየረ ይሉታል። ጫማው ጠበበኝ ብሎ ሊመልስ ለመጣ ሰውም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ታገስኩ፤ ስድስተኛው ላይ ትራሴ ረጠበ። እናትየዋ ለምን በየበሩ እንደምትቆም አውቄያለሁ፤ ብነግራችሁ ግን እትዬ ዘምዘም አይምሩኝም።

የሰሊጥ ነጋዴው አቶ ኡመይር አንድ ቀን ፍላሽ ይዘው መጡ። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ጀላቢያቸው ላይ አንዲት እጥፋት አይታይም።

«ዘምዘም፣ ጦርነት ያለበት ነገር ጫኚልኝ።»

«ጦርነት ምን ጎደለብህ? ወዲያ ማዶ ሱዳን፣ ወዲህ ማዶ እኛው።»

«ፊልም ነው ያልኩሽ!»

«ደም ግፊትህስ? እሱም ፊልም ነው?» ብለው አንዲት ምስኪን መበለት አትክልት የምታበቅልበትን ሠላሳ ክፍል ጫኑላቸው። አቶ ኡመይር እየተነጫነጩ ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት መበለቲቱ ቃሪያዋን ውርጭ እንደ መታባት ለቡና ቤቱ ሁሉ በሐዘን ሲያወሩ ተሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከታታይዋ «የኡመይር» ናት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቅርታ የሚደረግለት ነው። የማይታለፈው ጥፋታቸው ሌላ ነው። ክብርት ወይዘሮ ዘምዘም የመጨረሻዋን ክፍል አይሰጡም። አርባ አንድ ክፍል ካለው አርባውን ይጭናሉ። ስልካችሁ ሰፊ ቢሆን፣ ብትለምኑ፣ ብትቆጡ፣ መልሱ አንድ ነው፤ «የመጨረሻዋ እኔ ጋ ናት።» እሷን ለማየት ሱቁ ድረስ መጥታችሁ፣ የታጠፈ ሸራ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ላፕቶፗ ላይ ማየት አለባችሁ። ጸጉር ሠሪዋ ታንጉት አንድ ጊዜ የራሷ ሹሩባ በግማሽ እንደ ቀረ እየሮጠች መጥታለች። «እትዬ፣ ሞተ ወይስ ዳነ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ!» አለች። «ቁጭ በይ» አሏት።

ይህ የሱቅ ዘዴ ይመስለኝ ነበር። ለፊልም የመጣ ባትሪ ሳይገዛ አይወጣም ብዬ በልቤ ታዝቤያቸዋለሁ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በክረምት መናኸሪያው ላይ ይወርዳሉ፣ ማጭድና ሸራ ይገዛሉ፣ ስልካቸው ላይ ፊልም ያስጭናሉ፣ ወደ ኮኪትና ወደ ሽንፋ እርሻዎች ይበተናሉ። በቀትር ሙቀት ሥራ ሲቆም አሥር ሰው አንዲት ስልክ ከብቦ ያያል። አጨዳው ሲያልቅ ወደየአገራቸው የሚሳፈሩት በዚያው መናኸሪያ፣ በእትዬ ዘምዘም ደጅ ነው።

እንግዳው የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ያወቅኩት ባለፈው ነሐሴ ነው። ከጎጃም የመጣ፣ ለሁሉም ነገር የሚስቅ ልጅ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ አርባውን ሰጥተው አንዷን ይነፍጉኛል?»

«ስትመለስ።»

«ባልመለስስ?» አለና ሳቀ።

ጓደኞቹም ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። እትዬ ዘምዘም አልሳቁም። ስልኩን መልሰው ሲሰጡት ለጥቂት ጊዜ ሳይለቁት ቆዩ።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ።

«መምህርት፣ ነይ እስቲ። መነጽሬ ነው ወይስ እውነት አንድ ብቻ ነው የቀረው?»

ላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ተከፍቷል። ስሙ «የሚመለሱ» ይላል። በመስከረም ከመቶ በላይ የመጨረሻ ክፍሎች፣ ከመቶ በላይ የሰው ስም ተጽፎባቸው እዚያ ነበሩ። አንዱ መጥቶ ሲያይ የእሱን ያጠፋሉ። አሁን አንድ ብቻ ቀርቷል። «እንግዳው 41።»

በባትሪው ነገር ስለጠረጠርኳቸው አፈርኩ።

«አብረውት የነበሩት ትናንት ተሳፈሩ» አሉ። «ወባ ይዞታል፣ ይሻለዋል ብለን ተውነው አሉኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ብቻዬን ከሆንኩ እጮህባቸዋለሁ።»

ማግስቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር። ሱቁ በገበያ ቀን ሲዘጋ አይተው የማያውቁ ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ቁልፉን ያዩ ነበር። አለምሰገድ በትራክተሩ ተሳቢ ጭኖን ኮኪትን አለፍን። የታጨደው ማሳ እስከ ዓይን መጨረሻ ገላጣ ነው። እትዬ ዘምዘም መንገዱን ሙሉ ምንም ፊልም አልመከሩም።

ከማሽላ አገዳ በተሠራ ዳስ ሥር ተኝቶ አገኘነው። ባላውቀው ኖሮ ሽማግሌ ነው እል ነበር። ፊቱ ከስቶ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። የእርሻው ካምፕ ኃላፊ ከኋላችን መጣ።

«ወባ ነው እትዬ። ሦስት ጊዜ ክኒን ውጧል።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«እንጃ፤ ወር ሳያልፈው አይቀርም።»

«ወር ሙሉ ወባ?» ተንበርክከው ሸሚዙን ገለጡና ከግራ ጎኑ በታች መዳፋቸውን አሳረፉ። «እየው፤ ጣፊያው ድንጋይ ሆኗል። ካላዛር ነው ይኼ፤ ይኼ የቆላ ገዳይ። አለምሰገድ፣ አንሣው!»

አለምሰገድ እንደ ሕፃን አነሣው። ስንመለስ እኔ ጥላ ይዤለት ነበር። እትዬ ዘምዘም ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሳውን እያዩ ይሄዳሉ።

«ወንድሜ ዑበይዳም ወባ ነው ተብሎ ነበር» አሉ ድንገት፤ ለእኔ ይሁን ለማሳው አላውቅም። «ሽንፋ ማዶ። ሁለት ወር ሳይመጣ ቀረ። ሥራ በዝቶበት ነው ብለን ቁጭ አልን። በዚህ ቀን እመጣለሁ ያለው ነገር የለ። መቅረቱን በምን እንወቅ?»

የሰው መጥፋቱ እንዲታወቅ መምጣቱ መጠበቅ እንዳለበት አራት ዓመት ሙሉ በተማርኩት ግጥም ውስጥ አላገኘሁትም ነበር።

የከተማው ሆስፒታል ሐኪሞች ሲመረምሩት ካላዛሩ እውነት ሆነ፤ ደሙም አልቋል አሉ። ወደ ጎንደር በአምቡላንስ እንዲሄድ ተወሰነ። በሩ ሊዘጋ ሲል እትዬ ዘምዘም ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። በሕይወቴ እሰማዋለሁ ያላልኩትን ተናገሩ።

«እንካ፤ መንገድ ላይ እያት። የመጨረሻዋ ናት። ለዛሬ ፈቅጃለሁ።»

እንግዳው ዓይኑን ገለጠ። ስልኩን አየ፤ እሳቸውንም አየ። ለምን እንደፈቀዱለት ገብቶታል።

«አይ እትዬ» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ትቆየኝ። መጥቼ ነው የማያት።»

አምቡላንሱ ሄደ። እትዬ ዘምዘም ወደ ትራክተሩ ዞረው ከትልቁ ጎማ ኋላ ቆዩ። ልከተላቸው ስል አለምሰገድ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያቸው» አለኝ። «አቧራ ነው።»

ታኅሣሥ አለፈ። የእንግዳው ስልክ ጥሪ አይቀበልም። አውቶቡስ በገባ ቁጥር እትዬ ዘምዘም ቀና ይላሉ፤ ጀይሉ ከመሪው ላይ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። ፊልም ማዘዛቸውን አልተዉም፤ ግን ልባቸው ስላልነበረበት ይሳሳቱ ጀመር። ለአቶ ኡመይር ሦስት ሽጉጥ ያለበት ነገር ጫኑላቸው። አቶ ኡመይር ፍላሹን መልሰው ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ይመጣል፣ ዘምዘም» አሏቸው። «ኢንሻአላህ ይመጣል።» እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ። የታጠፈው ሸራ ላይ እቀመጣለሁ።

በጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀይሉ ገና ሳይቆም ጡሩንባውን ያለማቋረጥ ነፋው። እንግዳው በቀስታ ወረደ። ቀጥኗል፤ ጸጉሩ አጥሯል፤ በእግሩ ግን ቆሟል። መንገዱን ተሻግሮ ገባና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣

«እትዬ፣ ኧረ ቶሎ ይክፈቱልኝ» አለ።

ሱቁ ሞላ። ታንጉት መጣች፤ አለምሰገድ በሩን ሞልቶ ቆመ። አርባ አንደኛዋ ክፍል ተከፈተች። አርባ ክፍል ሙሉ የተፈላለጉት ሁለት ሰዎች ወደብ ላይ ሊገናኙ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው፣ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ነቃች። ሁሉም ሕልም ነበር። አለቀ።



«ምን?» አለ እንግዳው። «ሕልም? አርባ አንድ ክፍል ሕልም? ከሞት ተነሥቼ፣ ከጎንደር ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው?»

«አዎ» አሉ እትዬ ዘምዘም። «የመጣኸው ለዚህ ነው። ኸላስ፤ አበቃ።»

ከዚያ ወደ «የሚመለሱ» ገብተው የመጨረሻዋን ስም አጠፉ። ፎልደሩ ባዶ ሆነ። ባዶውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ስንቱ ዓመት እንዲህ ባዶ ሆኖ እንዳለቀ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ስልክህን አምጣ» አሉት ወዲያው መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «እናትህ ጋ ሆነህ የምታየው ልስጥህ። የመምህርቷን።»

ደነገጥኩ። በእኔ ስም የተመዘገበች መኖሯን አላውቅም ነበር። ከአለምሰገድ በኋላ ካዘዙልኝ የትኛዋ እንደሆነች ግን ወዲያው ገባኝ፤ ሳለቅስ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

«መጀመሪያ ላይ ዝምታ ይበዛባታል» አሉት፣ እኔን ሳያዩ። «ትታት እንዳትሄድ። እስከ ስድስተኛው ታገስ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የፕላስቲክ ጫማዎቹን አያለሁ። እንግዳው ስልኩን ተቀበለ፤ ስንት ክፍል እንደተጫነለት ቆጠረና ሳቀ። ያ የነሐሴው ሳቅ ነበር።

«የመጨረሻዋስ?»

እትዬ ዘምዘም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ባልዲ ለመግዛት ቃል ስመርጥ የነበርኩት እኔ ቀደምኳቸው።

«ስትመለስ» አልኩት።