ቀይዋ ሰባት እና እኔ ዳኛው

ወረፋ ላይ ቆሞ "እኔ ተራ አስከባሪ ብሆን ኖሮ…" ብሎ የማያስብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ሀገሩ ሁሉ ዳኛ ነው እኮ። የጠፋው ተዳኚ ነው።

እኔም ሰው ነኝና አሰብኩ። እንደውም ከሌላው ትንሽ ጨመር አድርጌ አሰብኩ፤ እኔ ምንም ነገር ሳልጨምርበት አልሠራም። አሶሳ ውስጥ ራዲዮ ዝም አለ፣ ስቶቭ አልግል አለ፣ ፓምፕ ሳል ጀመረው ሲባል የሚጠራው እኔ ነኝ። የት ተማርክ ካላችሁኝ የትም። ማሽኑን እፈታዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ፤ የተረፈችውን ብሎን ኪሴ እከታታለሁ። ማሽኑ ይሠራል፤ ስለ ብሎኗ አትጠይቁኝ። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይለኛል። ስሙን መጀመሪያ ያወጣሁት እኔው ብሆንም ያጸደቀው ሕዝቡ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሰፈራችን አንዲት ቦኖ አለች። በጋው ሲበረታ፣ ፀሐይዋ ወርዳ አናታችን ላይ ስትቀመጥ፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ትላለች፤ እሱም መብራት ካለ ነው። መብራት ከጠፋ ፓምፑም ይጠፋል፣ እኛም ከጀሪካናችን ጋር ተፋጠን እንውላለን። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ብሎ የተረተው ሰውዬ እኛ ሰፈር ተሰልፎ የነበረ ይመስለኛል።

የድሮው ተራ አስከባሪ ጓዛቸውን ጠቅልለው ባምባሲ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ቦታው ክፍት ሆነ። ደሞዝ የለውም። ነገር ግን… የቦኖዋ ቁልፍ አለ፣ ፊሽካ አለ። አንዴ ፊሽካ ነፍታችሁ ያን ሁሉ ጀሪካን ቀጥ ስታደርጉት ይታያችሁ። እኔ ታይቶኝ እንቅልፍ አጣሁ። ፊሽካዋን የማንጠለጥልባት ገመድ ሁሉ ገዝቼ፣ መስታወት ፊት አንገቴ ላይ ለክቼ ነበር።

ምርጫው ለእሑድ ረፋድ ተቀጠረ፤ ውሃው ከመምጣቱ በፊት፣ ቦኖዋ አጠገብ ካለችው ማንጎ ሥር። ዕጩዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና ዘሃራ። ዘሃራ ገበያ ላይ የደረቀ ባሚያ የምትሸጥ የበርታ ልጅ ናት። ነገር አታበዛም። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ "ፍትሕ ማለት እኔ ነኝ" ስል ስሰነብት፣ እሷ "ምረጡኝ" እንኳ አላለችም። እንግዲህ ዝም ያለ ሰው የሚናገረው የለውም ብዬ በሆዴ አዘንኩላት።

እሑድ ደረሰ። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ጀሪካኑ ተሰለፈ፤ ምርጫውን የሚያስፈጽመው የኮሚቴው ጸሐፊ ግን ለቅሶ ደርሼ ልምጣ ብሎ ቀረ። ይሄኔ ነው መምህር ሀብታሙ ከኪሱ የመጫወቻ ካርታ ያወጣው። መምህር ሀብታሙ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ከኛ ጋር ሦስት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ግን ጃኬቱን ሳይለብስ ከቤት አይወጣም፣ ምናልባት ይበርድ ይሆናል ብሎ።

"አዲስ ጨዋታ ላስተምራችሁ" አለን።

እናንተም ተማሩት፤ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማችኋል። አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል። ዳኛው አንድ ሕግ ያወጣል፤ የትኛው ካርታ ከየትኛው ቀጥሎ መቀመጥ እንደሚችል የሚል። ከፈለገ በቁጥር፣ ከፈለገ በቀለም፣ እንደ ልቡ። ሕጉን ለማንም አይናገርም፤ በኋላ እንዳይክድ ግን ወረቀት ላይ ጽፎ ያጥፈዋል። ሌሎቻችሁ አምስት አምስት ካርታ ትይዛላችሁ። አንድ ካርታ መሬት ላይ ይቀመጥና ከሱ ቀጥሎ በየተራችሁ አንድ አንድ ታስቀምጣላችሁ። ዳኛው ያለው ሁለት ቃል ነው፤ "ይሄዳል" ወይም "አይሄድም"። የሄደው ሰልፉ ላይ ይቀጥላል። ያልሄደው ከሰልፉ ወጥቶ ከታች ይጣላል፤ ባለቤቱም ሌላ ካርታ ይጨመርለታል። በቃ። የሄደውንና ያልሄደውን እያያችሁ ዳኛው ልብ ውስጥ ያለውን ሕግ ትፈልጋላችሁ። ቀድሞ ያገኘው አሸነፈ።

አባባ ሐሚድ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆዩና፣ "ይሄ ቁማር ነው?" አሉ።

"አይደለም አባባ፣ ምንም አይበላበትም" አለ መምህር።

"ምንም?"

"ጭንቅላት ብቻ ነው የሚበላው።"

"እሱ ካለቀ ቆየ። ስጡኝ" ብለው ተቀመጡ።

አማቴ እማማ የሺም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። ዘሃራ መጣች። ራሱ መምህር አራተኛ ሆነ። የቀረው ሰው ከበበን። አያችሁ፣ መራጩ ሕዝብ እንዳለ ቆሞ ያያል፤ የሚያየው ደግሞ ዳኝነት ነው። ይሄን ዕድል እኔ ልለፈው?

"ዳኛው እኔ ነኝ" አልኩ።

"ኢንጂነር፣ ከመጫወት መዳኘቱ ይከብዳል" አለ መምህር።

"ለማን?" አልኩት።

የባትሪ ካርቶን ቀደድኩና ጀርባዬን አዙሬ ሕጌን ጻፍኩ። ብዙ አሰብኩበት። ላባችሁ ጠብ እስኪል ብታስቡ የማትደርሱበት ሕግ ነው። ለናንተ ስለሆነ ልንገራችሁ፤ "ከቀይ ቀጥሎ ጥቁር፣ ከጥቁር ቀጥሎ ቀይ።" አትሳቁ። ጥልቀቱ በኋላ ነው የሚገባችሁ። ካርቶኑን አጥፌ ድንጋይ ጫንኩበት።

መሬት ላይ ጥቁር አራት አስቀመጥኩ። መምህር ቀይ ዘጠኝ አስከተለ።

"ይሄዳል" አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

ዘሃራ ቀይ ሁለት አስቀመጠች። ቀይ በቀይ ላይ።

"አይሄድም።"

ካርታዋን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ሌላ አነሳች። ሕዝቡን ገልመጥ አድርጌ አየሁት። ተፎካካሪውን እንኳ በሕግ ብቻ የሚዳኝ ሰው… ግሩም።

ተራው የአባባ ሐሚድ ሆነ። አባባ ቀይ አምስት አወጡ። እሱም ቀይ በቀይ ላይ ነው፤ በሕጉ አይሄድም። ግን አባባ ሐሚድ ማን መሰሏችሁ? እኛ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ለአባቴ የመጀመሪያዋን የማሽላ ዘር በቅል የሰጡት እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ፣ እኔና አንተ አይለይም፤ ሰው ግን ይለያል። ካርታዋን አስቀመጡና ቀና ብለው በነዚያ ዓይኖቻቸው አዩኝ።

"ሄደ?" አሉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ልጅ ሆኜ እግሬን እሾህ ሲወጋኝ የነቀሉልኝን ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ ዓይናቸውን እያየሁ…

"ይ… ይሄዳል አባባ።"

አንድ ካርታ ናት፣ ምን አላት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወዲያው እማማ የሺ ቀይ አሥር አስቀመጡ። እሳቸው "ሄደ ወይ" ብለው አይጠይቁም። ወጥ እንደሚያቀርብ ሰው አስቀመጡት፣ አለቀ። እኔን እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። አማቴ ናቸው! እኔ እሳቸው ፊት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም።

"ይሄዳል እማማ" አልኩ። ያልጠየቁኝን።

ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው ሆነ። መምህር ጥቁር አስቀመጠ፣ ሄደለት። ዘሃራ ጥቁር ደገመች፣ አይሄድም። አባባ ጥቁር ደገሙ፣ ይሄዳል። እማማ ጥቁር ሠለሱ፣ ይሄዳል። አሁን ምን አለፋችሁ፣ ሰልፉ የኔን ሕግ ትቶ ሌላ አገር ገባ።

መምህር ሀብታሙ ተቸገረ። የሱ ካርታ ይሄዳል፤ ለምን እንደሄደለት ግን አያውቅም። በእንጨት መሬቱ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። "ከዘጠኝ ቀጥሎ ሁለት እምቢ፣ አምስት እሺ፣ ከአምስት ቀጥሎ አሥር እሺ… ድምሩ በሦስት ሲካፈል…" እያለ ያጉረመርማል። ደመረ፣ ቀነሰ፣ ቅንፍ ከፈተ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። በመጨረሻ፣ ያላየ አያምነኝም፣ ጃኬቱን አወለቀ።

"ኢንጂነር፣ ይሄ ሕግ በጣም ረቂቅ ነው" አለኝ።

"ገና ምን አይተህ" አልኩት።

ዘሃራ ካርታውን ትታ እኔን ነበር የምታየው። አፌን። አንዴ አባባን ታያለች፣ አንዴ አፌን። አንዴ እማማን ታያለች፣ አንዴ አፌን። ጥርሴ ላይ ቅጠል ያለ መስሎኝ በምላሴ ዳበስኩት።

ሦስተኛው ዙር ላይ መምህር ቀይ ሦስት አስቀመጠ፣ ሄደለት። ዘሃራ ቀጥላ ቀይ ሰባት አስቀመጠች።

"አይሄድም" አልኩ፤ ድምፄን ፊሽካ በሉት።

"እሺ" አለች። ግን ካርታዋን ወደ ታች አላወረደችውም። አነሳችውና በሁለት እጇ ለአባባ ሐሚድ ሰጠቻቸው። "አባባ፣ ይቺን እርስዎ ያስቀምጡልኝ።"

አባባ ያችኑ ቀይ ሰባት እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጧትና ቀና አሉ።

"ሄደ?"

"ይሄዳል አባባ" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ወጥቶ ሳየው ነው እኔም የሰማሁት። ከዚያ አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሳቁ ሰልፉን ይዞ ወረደ። ሰው ሲሳሳቅ የስንቱ ጀሪካን ተንከባለለ መሰላችሁ።

ዘሃራ አልሳቀችም። "ሕጉን አገኘሁት" አለች። "ለእኔና ለመምህር ቀይና ጥቁር ማፈራረቅ ነው። ለአባባና ለእማማ ሕግ የለም።"

መምህር ድንጋዩን አንስቶ ካርቶኑን ዘረጋ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ሰልፉን አየ፣ የከፈታቸውን ቅንፎች አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄን ለማግኘት ነው እኔ በሦስት ያካፈልኩት?"

"እና አባባን 'አይሄድም' ልበላቸው? አንተ ትላቸው ነበር?" አልኩት።

"አልላቸውም። ለዚህ ነዋ ዳኛ ልሁን ያላልኩት።"

እማማ የሺ ዞር አሉ። "እኔም ተሳስቼ ነበር?"

"ትንሽ ነው እማማ…"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"እርስዎን እንዴት ብዬ…"

"ስማ፣ ልጄን ልታገባ ሽማግሌ የላክህ ጊዜ እኔ ሁለቴ 'አይሆንም' ብዬሃለሁ። ሞትክ?"

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሳይበቃኝ የኮሚቴው ጸሐፊ ከለቅሶ ደረሰ። "ምርጫው ይቀጥል" አለ፣ የተፈጠረውን ሳያውቅ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ አልቆረጥኩም። ፈጠን ብዬ አሰላሁ። ወጣቱ ቢከዳኝ ሽማግሌው የት ይሄዳል? ሕዝብ በተሰበሰበበት ክብራቸውን የጠበቅኩላቸው ለማን ነው? "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን የማንንም ጭብጦ አልነካሁም፣ እንደውም ጨመርኩላቸው እንጂ። የሰፈራችን ሽማግሌ ደግሞ እግዜር ይስጠው ብዙ ነው።

"ለኢንጂነር" አለ ጸሐፊው።

የመጀመሪያው እጅ የኔ ነበር። ሁለተኛውን ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። የመምህር ሀብታሙ እጅ ግማሽ ድረስ ወጥታ ነበር፤ ላቡን ሊጠርግ ኖሯል።

"ለዘሃራ።"

መጀመሪያ የወጣው ምን መሰላችሁ? ከዘራ። የአባባ ሐሚድ ከዘራ። ከሱ ቀጥሎ የሽማግሌው እጅ ሁሉ፣ ከዚያ የእማማ የሺ፣ ከዚያ ማንጎዋ ራሷ ቅርንጫፍ ያወጣች እስኪመስለኝ ድረስ እጅ በእጅ ሆነ። ዘሃራ ቁልፉንና ፊሽካውን ተቀበለች። ፊሽካዋን ሳትነፋት ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ብክነት ነው።

እኔም ሰው ነኝና ከፋኝ። ወደ አባባ ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"አባባ፣ ሁሉም ይክዳኝ። እርስዎም? እኔ እኮ እርስዎን አክብሬ ነው የተዋረድኩት።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

"አንተ ጥሩ ልጅ ነው" አሉኝ። "እኔ ወደ ቦኖ መጣ፣ አንተ 'አባባ ይቅደም' ይላል፣ ውሃ ይሰጣል። ጥሩ። ግን እኔ ታላቅ ወንድም አለው፤ ከመንጌ ይመጣል። አንተ እሱን ያያል፣ 'አባባ ሐሚድ ትንሽ ይቆይ' ይላል። ወንድሜም ታላቅ አለው፤ እሱም ይመጣል። እናንተ ስትከባበሩ እኔን ጥም ይገድላል።"

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ባዶ ጀሪካናቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ብዙ ነው። ቦኖ አንድ ነው።"