ግድግዳዎቹ ሲመርጡ

ትናንት ሌሊት ውባለም ለባሏ ለሽብሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታ ሳለ ግራ የሚያጋባ ሕልም አየች። ያኳረፋቸው የሳሎኑ ቀለም ነው። እሷ ክሬም ካልሆነ፣ እሱ ጥቁር አረንጓዴ ካልሆነ እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ተነታርከው፣ በመጨረሻ "እንግዲያው ወይ እኔ ወይ አረንጓዴው!" ብላው ነበር የተኛችው።

በሕልሟ አራቱ የሳሎን ግድግዳዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሷና ሽብሩ በግድግዳዎቹ ቦታ ቆመው ጣሪያውን በአናታቸው ደግፈዋል። መሰላሉ ብሩሽ ይዞ ሽብሩ ትከሻ ላይ ወጣና፣

"ለቤቱ የትኛው ይስማማል?" አለ።

"ሴትየዋ ፈዘዝ ትላለች" አለ የመስኮቱ ግድግዳ።

"ሰውየው ደግሞ ቤት ያጠባል።"

"ሁለቱንም ብንወስድስ?"

"አብረው አይሄዱም። ሳምንቱን ሙሉ ሰምተናቸው የለ እንዴ!"

ውባለም "ኧረ እኛ ነን መራጮቹ!" ልትል አፏን ስትከፍት ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነበረች። መደርደሪያው ላይ እሷን ጨምሮ ባልና ሚስቶች ክዳን ተደፍቶባቸው ተደርድረዋል፤ የቀለም ጋሎኖች ተሰልፈው ይገዟቸዋል። አንዲት ክሬም ጋሎን ቀርባ አሸተተቻትና ፊቷን አዞረች።

"ይቺን አልፈልግም። ሽብሩ የሚባለው የለም?"

"እንዴ! የኔው ቀለም አይደለሽ?" አለች ውባለም ግራ ገብቷት።

"ምን ላድርግ እህቴ፣ ጭቅጭቅ ባለበት አልደርቅም።"

ሳሎን ስትመለስ ግድግዳዎቹ ወስነው ጨርሰዋል። መሰላሉ ሽብሩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ በበሩ እያስወጣው ነው። ውባለም ሮጣ የባሏ እግር ላይ ተጠመጠመች።

"አረንጓዴ ይሁን! ከፈለገ ጥላሸት ይሁን! እሱን ብቻ ተዉልኝ!"

"አሁን ነው እንዴ የምትናገሪው?" አሉ ግድግዳዎቹ በአንድ ድምፅ፤ መሰላሉም ጎተተው።

ስትባንን ነግቷል። የሽብሩ ቦታ ባዶ ነው። ወዲያው በሩ ተከፈተና ሽብሩ በቢጃማው፣ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ሽብሬ፣ አረንጓዴው ይሁን! በቃ፣ አንተ እንዳልከው!"

"ቀይ ቀብተውታል" አለ ሽብሩ።

"እነማን? ግድግዳዎቹ?"

"ኧረ የክፍለ ከተማ ሰዎች። በውጭ በኩል፣ ከጣሪያ እስከ መሬት ትልቅ ኤክስ። ቤቱ ለመንገድ ይፈርሳል።"